የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ሲቋረጥ ምትኩን እንዴት እንምረጥ

ድረ ገጽዎን የሠሩበት ፕሮግራም ቢቋረጥም ገጹ በዚያው ቀን አይጠፋም። ብራውዘር በሰርቨር (ገጹን ለጎብኚ በሚልከው ኮምፒውተር) ላይ ያሉትን የኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ ኮድ) ፋይሎች በምን ፕሮግራም እንደተሠሩ አይጠይቅም፤ የሆስቲንጉ (ገጹ የተቀመጠበት የሰርቨር ኪራይ) ክፍያ እስካልተቋረጠ ድረስ ይከፍታቸዋል። የሚጠፋው የማረም አቅም ነው። ስልክ ቁጥር መቀየር፣ ማስታወቂያ መጨመር፣ የተሳሳተ ቃል ማቅናት አይቻልም። ስለዚህ አስቦ ለመምረጥ ጊዜ አለ፤ ርዝመቱ ግን ፕሮግራሙ የተጫነበት ኮምፒውተር ዕድሜ ያህል ነው።

ከሁሉ በፊት የተቋረጠው ምን እንደሆነ ይለዩ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ማይክሮሶፍት ፍሮንትፔጅ የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ በ2006 ሲያቋርጥ የቆመው ፕሮግራሙ ብቻ ነበር። አዶቢም ሚዩዝ በተባለው መሥሪያው ላይ አዲስ ነገር መጨመር በማርች 2018 አቁሞ የቴክኒክ ድጋፉን ማርች 26 ቀን 2020 ሲዘጋ፣ በራሳቸው ሆስቲንግ ላይ ገጻቸውን ያስቀመጡ ሰዎች ምንም አልሆኑም። አፕል ግን አይዌብ የተባለውን መሥሪያ ትቶ ገጾቹ ይቀመጡበት የነበረውን የሞባይልሚ አገልግሎት ጁን 30 ቀን 2012 ሲዘጋ እዚያ የተቀመጡት ገጾች አብረው ወረዱ። ጉግል ለንግድ ቤቶች በነጻ ይሰጣቸው የነበሩትን ትንንሽ ድረ ገጾች በማርች 2024 ሲያጠፋም እንደዚያው ሆነ። የእርስዎ ከሁለተኛው ዓይነት፣ ገጹ የተቀመጠበት አገልግሎት አብሮ ከሚዘጋበት፣ ከሆነ በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ቀን የመጨረሻ ቀንዎ ነው። ምርጫውን ለጊዜው ተዉትና ቅጂ በማውጣት ይጀምሩ።

ዶሜይን (የድረ ገጹ አድራሻ ስም)፣ ሆስቲንግና መሥሪያ ፕሮግራም ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ወረቀት ላይ ሦስቱንም በየረድፋቸው ያስፍሩ፦ ከየትኛው ድርጅት እንደተገዙ፣ በማን ኢሜይል እንደተመዘገቡ፣ የሚያበቁበት ቀን፣ ክፍያው ከማን ካርድ እንደሚቆረጥ። የዕድር፣ የማኅበርና የቤተ ክርስቲያን ዶሜይን ብዙ ጊዜ በአንድ በጎ ፈቃደኛ የግል ኢሜይል ተመዝግቦ ይገኛል። ያ ሰው ከተማ ቢቀይር ወይም ኢሜይሉን ቢተው፣ ከፕሮግራሙ መቋረጥ የባሰ ችግር ይመጣል። ይህን ሳያስተካክሉ ወደ ምርጫው አይለፉ፤ ፕሮግራም ይተካል፣ የጠፋ ዶሜይን ግን ሌላ ሰው ከገዛው ላይመለስ ይችላል።

ያለውን ማዳን

ፕሮግራሙ ያለበትን ኮምፒውተር አይንኩት። ፕሮግራሙን አያጥፉ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙንም አያሻሽሉ። በ2019 የወጣው ማክኦኤስ ካታሊና የ32 ቢት ፕሮግራሞችን መክፈት ስላቆመ፣ ማካቸውን በአንድ ምሽት ያሻሻሉ ሰዎች የቆዩ ፕሮግራሞቻቸውን በማግስቱ መክፈት አልቻሉም። የሚዩዝ የፕሮጀክት ፋይል ደግሞ ከሚዩዝ በቀር በሌላ ፕሮግራም አይከፈትም። ስለዚህ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ጠቅላላውን ወደ ኤችቲኤምኤል ያውጡትና ከፕሮጀክቱ ፋይል ጋር ያስቀምጡት።

ቀጥሎ ሁለት ዓይነት ቅጂ ያስፈልጋል። አንደኛው በፋይልዚላ ወይም በሌላ የኤፍቲፒ (ከሰርቨር ጋር ፋይል መላላኪያ) ፕሮግራም ሰርቨር ላይ ያለውን ፋይል ሁሉ፣ የተደበቁትን ጨምሮ፣ ማውረድ ነው። ሁለተኛው እንደ ኤችቲትራክ ባለ ፕሮግራም ድረ ገጹን ጎብኚ እንደሚያየው መቅዳት ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም፦ ኤፍቲፒ ሊንክ የሌላቸውን አሮጌ ፋይሎችና የፒኤችፒ ኮዱን (ሰርቨሩ ገጹን የሚያቀናብርበትን) ያመጣል፣ ኤችቲትራክ ደግሞ ሰርቨሩ አቀናብሮ የሚያሳየውን የመጨረሻ ገጽ ይይዛል። የሰርቨሩ ይለፍ ቃል ጠፍቶ ከሆነና ገጹም ከወረደ፣ የድረ ገጾችን የቆዩ ቅጂዎች በሚያስቀምጠው በኢንተርኔት አርካይቭ የዌይባክ ማሽን ላይ አድራሻውን ይፈልጉ። ሥዕሎቹ ሁሉ ላይገኙ ይችላሉ፤ ጽሑፉ ግን ብዙውን ጊዜ ይገኛል።

በፍሮንትፔጅ የተሠራ ድረ ገጽ ስማቸው በታች ሰረዝና «ቪቲአይ» በሚሉ የላቲን ሆሄያት (_vti) የሚጀምር በርካታ ፎልደሮች አሉት። ለፕሮግራሙ ለራሱ እንጂ ለጎብኚ አይጠቅሙም፤ በባክአፑ ውስጥ ይቆዩ፣ ወደ አዲሱ ቦታ ግን አይሂዱ።

ከዚያ የገጾቹን ዝርዝር በኤክሴል ወይም በጉግል ሺትስ ያዘጋጁ። አድራሻ፣ ርእስ፣ ያለው ነገር (ጽሑፍ፣ ፎርም፣ ፒዲኤፍ፣ ድምፅ) እና ውሳኔ፦ ይሂድ፣ ይታረም ወይስ ይቅር። የጉግል ሰርች ኮንሶል (ድረ ገጹ በጉግል ፍለጋ ላይ ያለበትን ሁኔታ ለባለቤቱ የሚያሳይ አገልግሎት) ካለዎት የ16 ወር መረጃ ይይዛልና የትኞቹ ገጾች በፍለጋ እንደሚከፈቱ ያሳያል። እዚህ ላይ ይጨክኑ። 60 ገጽ የመሰለው ድረ ገጽ 12 ገጽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ለ12 ገጽ የሚመረጠው መሣሪያም ለ60 ገጽ ከሚመረጠው ይለያል።

የአማርኛው ጽሑፍ በምን መልክ ነው ያለው?

የእንግሊዝኛ መመሪያዎች ይህን አያነሡም፤ ለአማርኛ ድረ ገጽ ግን ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይህ ሊሆን ይችላል። አንድ አንቀጽ በማውስ መርጠው ኮፒ ያድርጉና ኖትፓድ ላይ ይለጥፉት። ከሦስት ነገሮች አንዱ ይሆናል።

ፊደሉ እንዳለ ከመጣ ጽሑፉ ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የጋራ የሆነ የኮድ ሥርዓት) ነው፤ ወደየትኛውም መሣሪያ ይሄዳል።

ጨርሶ መምረጥ ካልተቻለ ጽሑፉ ሥዕል ነው። ሚዩዝ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ የተጫነ የፊደል ፋይል (ፎንት) ሲመረጥለት ጽሑፉን ወደ ሥዕል ለውጦ ያወጣ ነበር፤ አይዌብም አንዳንድ ጽሑፎችን እንዲሁ ያደርግ ነበር። ለዓይን ደህና ነው፤ ጉግል ግን አያነበውም፣ ስልክ ላይም ይደበዝዛል። የፕሮጀክቱ ፋይል ካለዎት ፕሮግራሙን ከፍተው ጽሑፉን ከዚያ ይቅዱ። ከሌለ የአማርኛ ፊደል መለያ ባለው እንደ ቴሰራክት ባለ ፕሮግራም ከሥዕሉ ላይ ማንበብ ይቻላል፤ ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸውን ሆሄያት ያሳስታልና ስሞችንና ቁጥሮችን አንድ በአንድ ያመሳክሩ።

ኖትፓዱ ላይ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ከመጣ፣ ገጹ የተጻፈው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሶፍትዌሮች የአማርኛን ቅርጾች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ ልማዱም ከ1999 በኋላ ብዙ ዓመት ቀጥሏል። በዚያን ጊዜ በአንድ የፊደል ፋይል ውስጥ የነበረው ቦታ 256 ሲሆን የእኛ ሆሄያት ከነቁጥራቸውና ከነነጥባቸው ከ300 ይበልጣሉ። ስለዚህ አንዳንዶቹ ሶፍትዌሮች ሆሄያቱን በሁለት ወይም በሦስት የፊደል ፋይሎች ከፋፈሏቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ «ኮዱን ላጽዳ» ብሎ የፊደል ስም የያዙትን የኤችቲኤምኤል ምልክቶች አስቀድሞ ያጠፋል። ያን ጊዜ የትኛው ሆሄ ከየትኛው ፋይል እንደመጣ የሚነግር ነገር አይኖርም፤ መለወጫ ፕሮግራሙም ግማሹን ቃል ያበላሻል። መጀመሪያ ከነምልክቱ ወደ ዩኒኮድ ይለውጡ፣ ኮዱን ከዚያ በኋላ ያጽዱ። ለውጡን ከመቀበልዎ በፊት እንደ ቋ፣ ጓ፣ ኳ ያሉትን ሆሄያት፣ የግዕዝ ቁጥሮችንና አራት ነጥብን ይፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰበሩት እነዚህ ናቸው።

ማን ነው የሚያርመው?

ሰዎች ምርጫውን በመልክ ይጀምራሉ፣ ያማረ ናሙና አይተው ይወስናሉ። መጀመር ያለበት ከአራሚው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ድረ ገጹን የሚነካው ማን ነው? በስንት ጊዜ? በምን መሣሪያና በምን ዓይነት ኢንተርኔት?

በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚለወጥ ባለ አምስት ገጽ ድረ ገጽ አዲስ ፕሮግራም ላያስፈልገው ይችላል። ፋይሎቹን ንጹሕ አድርጎ አንድ ጊዜ እንደገና መጻፍና በቪኤስ ኮድ (የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) ማረም ይበቃል። ኮድ የማይነካ ሰው ከሆነ ፐብሊ የተባለውን መሥሪያ ይመልከት። ነጻና ክፍት ምንጭ ነው፣ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ድረ ገጹ ኮምፒውተሩ ላይ ተሠርቶ የተለወጡት ፋይሎች ብቻ ወደ ሰርቨር ይላካሉ፤ ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሰርቨሩ ላይ ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ስለሌለው ሰርጎ ገቦች የሚገቡበት ቀዳዳም ያንሳል። ድክመቱ ፕሮጀክቱ በአንድ ኮምፒውተር ላይ መኖሩ ነው፤ ሦስት ሰዎች ከየቤታቸው ማረም ከፈለጉ አይመችም።

ብዙ አራሚ ላለው፣ በየሳምንቱ ማስታወቂያ ለሚወጣበት ማኅበር ወይም ቤተ ክርስቲያን ምርጫችን ወርድፕሬስ የተባለው በብራውዘር የሚታረም የድረ ገጽ ማስተዳደሪያ ነው፤ በራስዎ ሆስቲንግ ላይ የሚጫነው ማለታችን ነው። ነጻ ነው፣ ከስልክም ይታረማል፣ የሚያውቀው ባለሙያ በየከተማው ይገኛል። ዋጋው በእንክብካቤ ይከፈላል። ወርድፕሬሱን፣ ገጽታውን (መልኩን የሚወስነውን ቴም) እና ፕለጊኖቹን (ተጨማሪ ሥራ የሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችን) በየጊዜው የሚያድስ ሰው ከሌለ በር ከፍቶ እንደ መተው ነው። ፕለጊኖችን በጣት የሚቆጠሩ ያድርጉ። ገጾቹን አብሮት በሚመጣው ብሎክ ኤዲተር ይሥሩ፤ ተጨማሪ የገጽ መገንቢያ ፕለጊን ከጫኑ ፕለጊኑ በተቋረጠ ቀን ዛሬ ካሉበት ችግር ውስጥ ተመልሰው ይገባሉ። ከ6.5 ጀምሮ ባሉት እትሞች የብሎክ ገጽታ ከተጠቀሙ የፊደል ፋይል ያለ ፕለጊን መጫን ይቻላል፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን በዚህ መንገድ ያስገቡ። ዳታቤዙ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» (utf8mb4) በሚባለው አቀማመጥ መፈጠሩንም ያረጋግጡ። አማርኛው ተመልሶ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ከታየ ዳታቤዙ ሲቀበለው ጥሎታል፤ ከባክአፕ በቀር መመለሻ የለውም። ጭረት ያለባቸው የላቲን ፊደላት ከታዩ ግን ጽሑፉ አለ፣ በተሳሳተ አነባበብ ነው የሚታየው፤ አነባበቡ ሲስተካከል ይመለሳል።

በብራውዘር ውስጥ ድረ ገጽ የሚሠራባቸው ዊክስና ስኩዌርስፔስ ቀላል ናቸው፣ ሆስቲንጉም አብሮ ነው። እንክብካቤ የሚያደርግ ሰው ለሌለው ሱቅ ወይም ምግብ ቤት መጥፎ አይደሉም። ሲገቡ ግን መውጫውን ይወቁ። በዊክስ የተሠራን ድረ ገጽ አውጥቶ በሌላ ሆስቲንግ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። ስኩዌርስፔስ ወደ ወርድፕሬስ የሚሄድ ፋይል ይሰጣል፣ ሁሉንም የገጽ ዓይነት ግን አያወጣም። ዌብፍሎው በክፍያ ዕቅድ ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤሱን (የመልክ ኮዱን) ያወጣል፤ ለሚዩዝ ዲዛይነሮች በአሠራሩ ይቀርባል፣ ለመልመድ ግን ሳምንታት ይጠይቃል።

እነዚህ አገልግሎቶች በዶላር የሚቆረጡ መሆናቸው ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ብዙዎች ውጭ ያለ ዘመድ እንዲከፍልላቸው ያደርጋሉ። ይህ ይሠራል፤ ሆኖም አካውንቱ በድርጅቱ ኢሜይል ይከፈትና ከዘመድ የሚገባው ካርዱ ብቻ ይሁን። በየወሩ ከሚቆረጥ ይልቅ የዓመት ክፍያ ይምረጡ፣ ካርዱ የሚያበቃበትንም ቀን ይመዝግቡ።

በኮምፒውተር ላይ የሚጫኑ ፕሮግራሞችን ለሚወዱ፦ ማክ ያላቸው ስፓርክልን፣ ብሎክስን ወይም ራፒድዊቨርን ይሞክሩ። ፍሮንትፔጅን ለለመደ የዊንዶውስ ተጠቃሚ ዊዚዊግ ዌብ ቢልደር በስሜት ይቀርበዋል። ፓይንግሮው ያሉ የኤችቲኤምኤል ፋይሎችን በቀጥታ ይከፍታል፣ ግን ኮድ ለሚገባው ሰው ነው። ሚዩዝ ያወጣው ኮድ ለማሽን እንጂ ለሰው የተጻፈ ስላልሆነ በየትኛውም ፕሮግራም ቢከፈት ማረሙ አድካሚ ነው። ጽሑፉንና ሥዕሉን ወስዶ ገጹን እንደ አዲስ መሥራት ይፈጥናል።

ከአንድ የሞተ ፕሮግራም ወደ ሌላ የሞተ ፕሮግራም አይሻገሩ። «በነጻ የፍሮንትፔጅ ምትክ» ብለው ሲፈልጉ ኤንቪዩ፣ ኮምፖዘርና ኤክስፕሬሽን ዌብ ዛሬም ይወጣሉ። የመጀመሪያው ከ2005፣ ሁለተኛው ከ2010 ወዲህ አልተነኩም። ሦስተኛው በ2012 መጨረሻ በነጻ ተለቀቀና ያለ ድጋፍ ቀረ። ማንኛውንም ዕጩ ሲመለከቱ የመጨረሻው እትም የወጣበትን ቀን ያግኙ፤ ዓመት ካለፈው ይጠራጠሩ። ድርጅቱ በምን ገቢ እንደሚኖርም ይጠይቁ።

ከመወሰን በፊት የሚደረግ ሙከራ

ሁለት ዕጩ ብቻ ያስቀሩና በእያንዳንዱ ሦስት ገጽ ይሥሩ፦ የመግቢያውን፣ ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ያለበትን እና ፎርም ያለበትን። ቀላሉን ገጽ አይምረጡ፣ ችግሩን ይደብቃል። ከዚያ ወደፊት የሚያርመው ሰው ራሱ፣ እርስዎ ሳይረዱት፣ ስልክ ቁጥር ይቀይር፣ ፎቶ ይጨምር። በመጨረሻ «ኤክስፖርት» የሚለውን ተጭነው የወጣውን ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይክፈቱ። ይህን የማያልፍ ዕጩ ከውድድሩ ይውጣ።

ገጹን በርካሽ አንድሮይድ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ይመልከቱት። የመስመር ከፍታው (የመስመሮቹ ርቀት ከፊደሉ መጠን አንጻር) ከ1.6 በታች ከሆነ የአማርኛ መስመሮች ተጣብቀው ይታያሉ። የደመቀው ጽሑፍ ዓይኑ የተደፈነ ከመሰለ ብራውዘሩ ድምቀቱን በራሱ ፈጥሮታል ማለት ነውና የፊደሉን የደመቀ ፋይል ለብቻው ይጫኑ። የተዘመመ ጽሑፍ ለፊደላችን አይሆንም፤ ጥቅስን በ« » ይለዩ። በሁለቱም ጠርዝ እኩል ማድረግንም ይተዉ። ቃላቱ ረጅም ስለሆኑና ብራውዘር ስለማይከፍላቸው ስልክ ላይ በመሀላቸው ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል።

ማዛወር

አዲሱን በጊዜያዊ ንዑስ ዶሜይን ላይ ይሥሩ፤ አሮጌው እንዳለ ይቆይ። ወርድፕሬስ ከሆነ የፍለጋ ሞተሮች እንዳይገቡ የሚከለክለውን ምልክት ያድርጉ፣ በሚከፍቱበት ቀንም ማንሣትዎን አይርሱ። ይህን የረሳ ድረ ገጽ ከጉግል ቀስ በቀስ ይጠፋል፣ ባለቤቱም ምክንያቱን ለወራት አያገኘውም።

የገጽ አድራሻዎችን በላቲን ፊደል አጭር አድርገው ይጻፉ። የአማርኛ ርእስ አድራሻ ሲሆን እያንዳንዱ ሆሄ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። ወርድፕሬስ ለአድራሻ የሚይዘው 200 ምልክት ስለሆነ ከ22 ሆሄ በኋላ ያለው ይቆረጣል፤ በቴሌግራም ሲላክም የመቶኛ ምልክቶች ሰልፍ ሊመስል ይችላል።

ቀደም ሲል ባዘጋጁት ሰንጠረዥ ላይ አንድ ዓምድ ይጨምሩና ለእያንዳንዱ አሮጌ አድራሻ አዲሱን ይጻፉ። ከዚያ «301» በሚባለው ቋሚ ማዞሪያ ያገናኟቸው። ሁሉንም ወደ መግቢያው ገጽ ማዞር አቋራጭ ይመስላል፤ ጉግል ግን እንደ ጠፋ ገጽ ይቆጥረዋል፣ ጎብኚውም የፈለገውን አያገኝም።

ፍሮንትፔጅ ብዙ ጊዜ በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ይሠራ ነበር፤ የዊንዶውስ ሰርቨር በፋይል ስም ውስጥ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም። ሊኑክስ ይለያል። ስለዚህ ኮምፒውተርዎ ላይ በትክክል የታየ ፎቶ አዲሱ ሆስቲንግ ላይ ሊጠፋ ይችላል። የፋይል ስሞችን ሁሉ ወደ ትንንሽ ፊደል ይለውጡ፣ ክፍት ቦታውን በሰረዝ ይተኩ፣ ሊንኮቹንም አብረው ያርሙ። የፍላሽ ማሳያዎች ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ በየትኛውም ብራውዘር አይከፈቱም። ሪል ኦዲዮ በሚባለው አሮጌ የድምፅ ፋይል ዓይነት የተቀመጡ የቆዩ ስብከቶችና የሬዲዮ ዝግጅቶች ካሉ በቪኤልሲ ወይም በኤፍኤፍኤምፔግ ወደ ኤምፒ3 ይለውጧቸው፤ ሌላ ቅጂ የሌላቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

አሮጌዎቹ ፎርሞች አብረው አይሄዱም። የፍሮንትፔጅ ፎርም ሰርቨሩ ላይ የተጫነ ማስፋፊያ ይፈልግ ነበር፣ ያ ዛሬ የለም። አዲሱ ፎርም መልእክቱን በእውነተኛ የኢሜይል አካውንት፣ በኤስኤምቲፒ (በኢሜይል መላኪያ መስመር) በኩል እንዲልክ ያድርጉ፤ ካልሆነ ወደ ስፓም ይገባል ወይም ጨርሶ አይደርስም።

ዶሜይኑን ወደ አዲሱ ቦታ በሚያዞሩበት ቀን የሚከሰተው ትልቁ አደጋ የኢሜይል መቋረጥ ነው። ኔምሰርቨር (የዶሜይኑ መዝገቦች ያሉበት ሰርቨር) ሲቀየር «ኤምኤክስ» የሚባሉት የኢሜይል መዝገቦች አብረው አይመጡም። ከመቀየርዎ በፊት የዶሜይኑን (የዲኤንኤስ) መዝገቦች ሁሉ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡና በአዲሱ ቦታ ላይ ቀድመው ይጻፏቸው። የሚቻል ከሆነ ኔምሰርቨሩን ተዉትና የድረ ገጹን መዝገብ ብቻ ይቀይሩ። አንድ ቀን ቀደም ብለው የመዝገቡን የቆይታ ጊዜ (ቲቲኤል) ወደ 300 ሴኮንድ ዝቅ ያድርጉ፤ ችግር ቢመጣ በደቂቃዎች ይመለሳል። የደህንነት ሰርተፊኬቱን ሌትስ ኢንክሪፕት በነጻ ይሰጣል፣ አብዛኛው ሆስቲንግም በአንድ ቁልፍ ይጭነዋል። ቢበዛ በ90 ቀን ስለሚያበቃ ራሱን እንዲያድስ መደረጉን ይመልከቱ።

አሮጌውን ሆስቲንግ ቢያንስ ለአንድ ወር አይሰርዙት። በዚያ ወር በየሳምንቱ ሰርች ኮንሶል ላይ «404» (ገጹ አልተገኘም) የሚሉትን አድራሻዎች እያዩ ማዞሪያ ይጨምሩ፣ ከፎርሙም የሙከራ መልእክት ይላኩ። ክፍያውን ከማቋረጥዎ በፊት እዚያ የተከፈቱ የኢሜይል ሳጥኖች ካሉ ውስጣቸው ያለውን ደብዳቤ ያውርዱ፤ ሆስቲንጉ ሲዘጋ አብረው ይጠፋሉ።